ጣርማ በር ላይ ያደረች መኪና

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን ካለፈ በኋላ አገሩ ሁሉ ሜዳ የሆነ ይመስለዋል። ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ ነው። ቤቶቹ በድንጋይ የተሠሩ፥ አጥሮቹም የድንጋይ ካብ ናቸው። በጎች በየመስኩ ተበትነው ይግጣሉ፤ እረኞቹም በወፍራም ጋቢና በባና ተጠቅልለው አላፊ አግዳሚውን ይመለከታሉ። ሹፌሩ መሪውን ብዙ ሳያዞር ኪሎ ሜትሩ ይቆጠራል። ይህ ሜዳ ግን መንገደኛውን ያታልለዋል። ድንገት አገሩ ያልቅና ከፊት ሰማይና ጉም ብቻ ይቀራል። መሬቱም በቢላዋ የተቆረጠ ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ሥፍራ ጣርማ በር ይባላል።

የጣርማ በር ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከፍታው 1300 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጠዋት ካፖርት ለብሶ ከላይ የተነሣ ሰው፥ እኩለ ቀን ሳይሆን ታች በሸሚዝ ይቀመጣል። ውሃውም በዚህ በር ላይ ይለያያል። በምዕራብ በኩል የወረደው የዝናብ ጠብታ በበሬሳና በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ከዚያም ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ከሜዲቴራኒያን ባሕር ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል የወረደው ግን ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል።

«በር» የሚለው ስም ለዚህ ቦታ በከንቱ አልተሰጠም። ከወሎ ወደ ሸዋ፥ ከሸዋም ወደ ወሎ ለሚያልፈው ሁሉ ይህ ተራራ መዝጊያም መክፈቻም ሆኖ ኖሯል። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ጊዜ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በጭነት መኪና ይገሠግሥ የነበረው የማርሻል ባዶልዮ ጦር፥ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት እዚህ ላይ ተይዞ ነበር። መንገዱ ተቆርጦ ስለ ጠበቀው፥ ወታደሮቹ ድንጋይና አፈር እየተሸከሙ መተላለፊያ እስኪያበጁ ድረስ ያ ሁሉ መኪና ቆሞ መጠበቅ ግድ ሆነበት። በኋላም በወረራው ዘመን ኢጣልያኖች ተራራውን ነድለው ዋሻ መንገድ አወጡበት።

ኢጣልያኖቹ ሄዱ፤ መንገዳቸውና የመኪና ቃላቸው ግን ቀረ። እነሆ ዛሬም የኛ ሹፌር ሞተሩን ለማስነሣት የሚያዞረውን ዕቃ «ሞተሪኖ»፥ ናፍታ የሚጠራቀምበትን ገንዳ «ሰልባትዮ»፥ ማጣሪያውን «ፊልትሮ»፥ ብሎን መፍቻውንም «ካቻቢቴ» ይለዋል። እኔም እነዚህን ቃላት በሚገባ የተማርሁት በዚሁ በጣርማ በር፥ በአንድ ብርዳም ጠዋት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፥ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፥ ወደ ደሴ የምሄድበት ጉዳይ ነበረኝ። የአውቶቡሱን ገንዘብ ለማትረፍ ስል በአባቴ ወዳጅ የጭነት መኪና ተሳፈርሁ። ሹፌሩ ዕድሜያቸው ስድሳን የተጠጋ፥ ንግግራቸው ጥቂት፥ እጃቸው በቅባት የጠቆረ ሰው ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ከእኛም ጋር አንድ ረዳትና ባለ ጭነቱ ነጋዴ ነበሩ። ጭነቱ አንድ መቶ ኩንታል ሲሚንቶ ነው። መኪናይቱም ብዙ አገር ያየች፥ ከኔ ዕድሜ በብዙ የምትበልጥ አሮጊት ነበረች።

ዋሻውን አልፈን ወደ ደብረ ሲና በኩል ስንወጣ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። ጉሙም ከቆላ እየተግተለተለ ወጥቶ መንገዱን ሸፍኖታል። ጋሼ ከመንገዱ ዳር ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገው አቆሙና «ዛሬ እዚሁ ነን፤ በጉም ይህን ቁልቁለት አልወርድም» አሉ። ነጋዴው ደሴ ላይ ግንበኞች ቀጥሮ ነበርና አጉረመረመ። ጋሼ ግን መልስ ሳይሰጡ ሞተሩን አጠፉ። ረዳቱም ወርዶ ከየጎማው ፊት ትልልቅ ድንጋይ ደገፈ፤ መኪናይቱ የቆመችው አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርጋ ነበርና።

ሌሊቱን በጋቢናው ውስጥ ተጣብቀን አደርን። እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጋቢዬን ደራርቤ ብጠቀለልም ብርዱ ከእግሬ ጣት ጀምሮ ይወጣ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ጉሙ ተገፎ ሰማዩ ጠራ። ሲነጋ ሣሩ ሁሉ በውርጭ ነጥቶ አየሁት። ከታች በኩል ተራራው በተራራ ላይ ተደርቦ እስከ ቆላው ድረስ ይታያል፤ በገደሉ አፋፍም ጭላዳዎች ፀሐይ ሊሞቁ ተቀምጠዋል። እጅግ የሚያምር ጠዋት ነበር።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ጋሼ ቁልፉን አዞሩ። ሞተሪኖው በደኅና ድምፅ አዞራት፤ ግን አልተነሣችም። ጥቂት ቆዩና ደገሙ። አሁንም አልተነሣችም። እኔ ሦስተኛውን ስጠብቅ፥ እሳቸው ቁልፉን ነቅለው ከኪሳቸው ከተቱት።

ነጋዴው «ጋሼ፥ ምነው? ይሞክሯት እንጂ!» አለ።

«ስሞክራት ባትሪዋ ያልቃል፤ ባትሪዋ ካለቀ ደግሞ የምጠይቅበት የለኝም» አሉት።

ይህ አነጋገር ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። እኔ ግን በዚያ ሰሞን ስለ ነዳጅ ጠባይ ያነበብሁት ነገር ስለ ነበረ፥ ዕውቀቴን ለማሳየት ቸኮልሁ። ናፍታ በውስጡ ሰም አለበት፤ ብርድ ሲበረታ ሰሙ ይረጋና ማጣሪያውን ይደፍነዋል፤ ስለዚህ ከሰልባትዮው ሥር ትንሽ እሳት ብናነድድ ናፍታው ይቀልጣል፥ መኪናይቱም ትነሣለች አልሁ። ረዳቱ እንጨት ሊለቅም ተነሣ። ጋሼም ሳይቆጡና ሳይስቁ «ሊሆን ይችላል፤ ግን ከእሳቱ በፊት እንየው» ብለው ረዳቱን አስቀመጡት።

ነጋዴውም በበኩሉ ከሁላችን የቀለለ የሚመስል ሐሳብ አመጣ። «ምን ያደክመናል? ቁልቁለቱ ከፊታችን ነው። ድንጋዩን አንሥተን ትንከባለል፤ ማርሽ ሲያስገቡላት ራስዋ ትነሣለች።» እውነት ለመናገር ለኔም መልካም ሐሳብ መስሎኝ ነበር። በከተማ ትንንሽ መኪናዎች በግፊት ሲነሡ ሁላችንም አይተናል።

ጋሼ መልስ ሳይሰጡ በጣታቸው በመሪው ፊት ያለውን አንድ መለኪያ አሳዩት። ቀስቱ ከዜሮው አጠገብ ተኝቷል። ነገሩ እንደሚከተለው ነው። እንዲህ ያለ ከባድ መኪና ፍሬኑ የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። አየሩን የሚያምቀው ሞተሩ ነው። ሞተሩ ከጠፋ፥ አሮጌ መኪና ደግሞ ከሆነች፥ አየሩ ሌሊቱን በየመገጣጠሚያው ሾልኮ ያልቃል። እንግዲህ ድንጋዩ ከተነሣ አንድ መቶ ኩንታል ሲሚንቶ ያለ ፍሬን ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል ማለት ነው። ሞተሩ ከተነሣ መልካም፤ ካልተነሣስ?

«የማትነሣበትን ምክንያት ሳላውቅ ትነሣለች ብዬ አራት ነፍስ አላስይዝም» አሉ ጋሼ። ነጋዴውም ዝም አለ።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ሊከተለኝ እንዲችል ስለ ናፍታ ሞተር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው። የናፍታ ሞተር ግን ብልጭታ የለውም። ይህን ሞተር የፈለሰፈው ሩዶልፍ ዲዝል ከጀርመን ወላጆች በፓሪስ ከተማ በ1858 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተወለደ መሐንዲስ ነው። ሐሳቡን በ1892 ለፓተንት አቀረበ፤ በ1897ም በአውግስቡርግ ከተማ ሞተሩ በሚገባ ሠራለት። እሱ ራሱ በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ሲሻገር ሌሊት ከመርከብ ላይ ጠፍቶ በባሕር ሞተ። የሞተሩ ሐሳብ እንዲህ ነው፤ አየር በኃይል ሲታመቅ ይግላል። የብስክሌት ጎማ በእጅ የነፋ ሰው መንፊያው ሲሞቅ ይህን አይቷል። በናፍታ ሞተር ውስጥ አየሩ እስከ አሥራ ስድስትና ከዚያም በላይ እጥፍ ስለሚታመቅ ግለቱ ከ500 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ ግለት ላይ ናፍታው እንደ ጉም ሆኖ ሲረጭበት ያለ ብልጭታ ራሱ ይነድዳል።

ስለዚህ የናፍታ ሞተር እንዲነሣ የሚሻው ጥቂት ነገር ነው፤ በፍጥነት መዞር፥ አየር፥ ግለትና በልክ የተረጨ ናፍታ። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ አይነሣም። ጣርማ በር ላይ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳር ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ብርዱ ብረቱን ያቀዘቅዛል፤ ቅባቱን ያወፍራል፤ የባትሪውንም ጉልበት ይቀንሳል። ይህን ሁሉ ስናስብ ጥፋቱን በብርዱ ላይ መጫን ቀላል ነበር። ጋሼ ግን ቀላሉን አልያዙም፤ ወረፋ ያዙ።

«መጀመሪያ የማያስከፍለውን ጠይቅ» አሉኝ። ከሁሉ በፊት የማያስከፍለው ጆሮ ነው። ሞተሪኖው እንዴት ነበር ያዞራት? ቀጭ ብሎ ቢቀር ወይም እያቃሰተ ቢያዞር፥ ጥፋቱ ከባትሪው ወይም ከባትሪው ጫፍ ይሆን ነበር። እሱ ግን በደኅና አዙሯታል። ስለዚህ ባትሪው ነጻ ነው።

ሁለተኛው ዓይን ነው። ረዳቱን ወደ ጭስ መውጫው ላኩትና አንድ ጊዜ ብቻ፥ አሥር እስኪቆጠር ድረስ አዞሩ። «ጭስ አለ?» ብለው ጮኹ። «የለም ጋሼ! ምንም የለም!» አለ ረዳቱ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለኔም አስረዱኝ፤ ነጭ ጭስ ቢወጣ ኖሮ ናፍታው ከሞተሩ ደርሷል፥ ነገር ግን አልነደደም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ብርዱንና ግለቱን እንጠረጥር ነበር። ጭስ ጭራሽ ከሌለ ግን ናፍታው ከነአካቴው አልደረሰም። ባንዲት አሥር ሰከንድ የጥያቄው ግማሽ ተዘጋ። ከዚህ በኋላ የምንፈልገው ናፍታው የት እንደ ቀረ ብቻ ነው።

ሦስተኛ ማጥፊያውን አዩ። የድሮ የናፍታ መኪና በቁልፍ አትጠፋም፤ የናፍታውን በር የሚዘጋ የሚሳብ እጀታ አላት። እሱ ሳይመለስ ቀርቶ እንደ ሆነ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢዞር አይነሣም። እጀታው ተመልሷል። አራተኛ ረዳቱ ዘንግ ወደ ሰልባትዮው አግብቶ ለካ፤ ከግማሽ በላይ ናፍታ አለ። የሰልባትዮው ክዳን መተንፈሻ ቀዳዳም በጭቃ አልተደፈነም፤ ቢደፈን ናፍታው ሲሳብ አይመጣም ነበር።

አምስተኛው የኔ ጥያቄ ነበር። ጋሼ የፊልትሮውን የታች ብሎን አላልተው ጥቂት ናፍታ በባዶ የውሃ ፕላስቲክ አስቀዱና ለኔ ሰጡኝ። «ይኸው፤ ሰምህን ፈልግ» አሉ። ፕላስቲኩን ወደ ፀሐይ አነሣሁት። ሰም የረጋበት ናፍታ ይደፈርሳል፤ ይህ ግን እንደ ጠራ ጠጅ ጥርት ያለ ነበር። ከሥሩ ጥቂት ውሃ ተቀምጧል፤ ነገር ግን መኪና የሚያቆም አይደለም። ሐሳቤ እዚያው ወደቀ። ጆሮዬ ግሎ ሳለ ጋሼ «ጥያቄው ደኅና ነበር፤ ባንጠይቀው ኖሮ እሳት እናነድድ ነበር» አሉኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ መምህራን ስሕተቴን አርመውልኛል፤ እንዲህ ሳያሳፍረኝ ያረመኝ ግን ጥቂት ነው።

ስድስተኛው ጥያቄ ነገሩን ገለጠው። በፊልትሮው አናት ላይ አየር ማስወጫ የሆነች አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። እስዋን አላልተው ረዳቱ የእጅ ፖምፓውን እንዲገፋ አዘዙት። ከብሎኒቱ ሥር ናፍታ ሳይሆን አረፋ ወጣ። ረዳቱ ገፋ፥ ገፋ፥ ክንዱ እስኪዝል ገፋ፤ አረፋው አልቆመም።

ጋሼም «አየር ነው» አሉ። «ትናንት ብቻ የገባ ቢሆን ይህን ጊዜ ባለቀ ነበር። አሁንም እየገባ ነው።»

የአየር አረፋ እንዴት ይህን የሚያህል መኪና ያቆማል? እኔ መልሱን ከሁለት ዓመት በፊት በክፍል ውስጥ ተምሬው ነበር፤ ግን ከመጽሐፍ ወጥቶ መንገድ ዳር ሳየው አላወቅሁትም። ፈሳሽ ቢጨምቁት መጠኑ አይቀንስም ማለት ይቻላል፤ አየር ግን ይታመቃል። ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ፖምፓ፥ ሮበርት ቦሽ ከ1927 ጀምሮ በብዛት እየሠራ ለዓለም ያቀረበው ዓይነት፥ ናፍታውን ከመቶ ሃምሳ ከባቢ አየር በላይ በሆነ ግፊት ይገፋዋል። የመርጫው አፍ የሚከፈተው በዚያ ግፊት ነው። በቧንቧው ውስጥ አረፋ ከገባ ግን ፖምፓው የሚገፋው አረፋውን ነው። አረፋው ይጨመቃል፤ ሲለቁት ይመለሳል፤ እንደ ገና ይጨመቃል። የመርጫው አፍ ግን አይከፈትም።

አሁን የቀረው አየሩ የሚገባበትን ማግኘት ነበር። ረዳቱ ተጋድሞ የፈሰሰ ናፍታ ፈለገ፤ አንድ ጠብታ አላገኘም። ጋሼ ይህን አስቀድመው ያውቁት ነበር። ከፖምፓው ወዲያ ያለው ቧንቧ ሲቀደድ ናፍታ ወደ ውጭ ይረጫል፤ ሁሉም ያየዋል። ከሰልባትዮው እስከ ፖምፓው ያለው ግን በመሳብ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ሲቀደድ ናፍታ አያፈስስም፤ አየር ይጠጣል እንጂ። ቀን ሞተሩ እየሠራ ሳለ ጥቂት ቢጠጣ ሞተሩ አያስታውቅም። ሌሊት ስትቆም ግን ናፍታው በቀዳዳው ምክንያት ወደ ሰልባትዮው ይመለስና ቧንቧው ባዶ ይቀራል። ትናንት ደኅና የመጣች መኪና ዛሬ አልነሣም ያለችው ስለዚህ ነው።

ጋሼ ግን «ይሆናል» ብለው አልተነሡም፤ ፈተና አደረጉ። ረዳቱ አምስት ሊትር ናፍታ የያዘ ጀሪካን ከፍ አድርጎ ያዘ። ከጀሪካኑም በአንድ ትርፍ ጎማ ቱቦ ናፍታውን በቀጥታ ከፖምፓው አገናኙት። ሰልባትዮውና አሮጌው ቱቦ ከጨዋታው ወጡ ማለት ነው። ረዳቱ በሌላ እጁ ፖምፓውን ገፋ። አረፋው አነሰ፤ ሳሳ፤ ጠፋ። ጥርት ያለ ናፍታ መጣ። እንግዲህ ፖምፓውም ፊልትሮውም ነጻ ናቸው። ጥፋቱ ሁለት ሜትር በማይሞላ ቱቦ ውስጥ ነው።

አሮጌውን ቱቦ ፈትተው በአውራ ጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። ከአንድ የብረት ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ከኖረበት ቦታ ላይ ሲያጎብጡት ጥፍር የማትሞላ ስንጥቅ ተከፈተች። ሲያቃኑት ተዘጋች። ብርዱ ጎማውን አድርቆ ስንጥቂቱን ሳያሰፋት አልቀረም። እንግዲህ ብርዱን መጠርጠሬ ፈጽሞ ስሕተት አልነበረም፤ ነገር ግን እኔ በከሰስሁት ቦታ አልነበረም። እሳት አንድደን ቢሆን ኖሮ ግማሽ ሰልባትዮ ናፍታ ሥር በእሳት እንጫወት ነበር፤ ስንጥቂቱም እንዳለች ትቀር ነበር።

ለፈተና የመጣው ትርፍ ቱቦ በአሮጌው ፋንታ ገባ፤ ማጥበቂያ ቀለበቱም ጠበቀ። ከዚያም አየሩን በተራ አወጡት፤ በመጀመሪያ ከፊልትሮው፥ ቀጥሎ ከፖምፓው፥ በመጨረሻ ከየመርጫው ጫፍ ቧንቧዎቹን አላልተው። እዚህ ላይ ጋሼ ሁላችንንም ገፋ አደረጉን። በዚያ ግፊት የሚረጭ ናፍታ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ስለሚገባ እጅ አይቀርብበትም። ሁሉም ከጠበቀ በኋላ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። ያ የቆጠቡት ባትሪ አሁን አስፈለገ።

ሞተሪኖው አዞረ። በመጀመሪያ አንዱ ሲሊንደር ተኮሰ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ከዚያ መኪናይቱ በሙሉ ተንቀጠቀጠችና ነጭ ጭስ በጣርማ በር ላይ ለቀቀች። ጭሱ ቀስ በቀስ ጠርቶ ድምፅዋ ተስተካከለ። ጭላዳዎቹ ደንግጠው ወደ ገደሉ ወረዱ። ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

ነጋዴው ዘሎ ገባና «በሉ እንሂድ!» አለ። ጋሼ እንደ ገና መለኪያውን አሳዩት። ቀስቱ ከዜሮ ተነሥቶ ሁለት፥ ሦስት፥ አራት እያለ እስኪወጣ ድረስ ተቀምጠን ጠበቅን። ስድስት ላይ ሲደርስ ፍሬኑን ረግጠው ሞከሩት። ረዳቱ ድንጋዮቹን ያነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ፥ ሞተሩ ራሱ መኪናይቱን እየያዘ ወረድን። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ጋሼ ፍጥነቱን ይበልጥ ቀነሱ። በቀኛችን ገደል ነው። ከሥሩ የትንንሽ ቤቶች ጭስ ይታያል፤ አንዲት ሴትም እንስራ አዝላ በመንገዱ ዳር ትወጣለች። ማንም ምንም አልተናገረም። ነጋዴው ግን ወደ ታች አንድ ጊዜ ተመለከተና ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ። ድንጋዩን አንሥተን ተንከባልለን ቢሆን ኖሮ የምንደርሰው እዚህ ላይ ነበር።

ደብረ ሲና ስንገባ ቆሎ ሻጮቹ ልጆች እንደ ልማዳቸው መኪናይቱን ከበቡ። ነጋዴው ለሁላችን ቆሎ ገዛ፤ የመጀመሪያውንም እፍኝ ለጋሼ ሰጠ። እሳቸውም የናፍታ ሽታ ባልለቀቀው እጃቸው ተቀብለው እያቆረጠሙ ወደ ቆላው ወረድን። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሁላችንም ልብሳችንን አውልቀን ነበር።

ዛሬ እኔ መምህር ነኝ። ስለ አየር መታመቅ ባስተማርሁ ቁጥር ያ አረፋ ትዝ ይለኛል። ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ግን ስለ አረፋው ብቻ አይደለም። በክፍልም በመሥሪያ ቤትም አንድ ነገር አልሄድ ሲል ሦስት ዓይነት ሰው ይነሣል። አንዱ ያነበበውን ይዞ እሳት ያነድዳል። ሁለተኛው ድንጋዩን አንሥተን እንንከባለል ይላል። ሦስተኛው ቁልፉን ከኪሱ ከትቶ፥ ከማያስከፍለው ጥያቄ ጀምሮ፥ አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው ሳያልፍ ይጠይቃል። ከሦስቱ የዘገየ የሚመስለው እሱ ነው። ጣርማ በር ላይ ግን ደብረ ሲና ያደረሰን እሱ ነበር።